ቁስል ያለ ጠባሳ ይሽር ዘንድ፦ ስለ ቆዳና ስለ ፀጉር መታደስ የሚደረገው የመድኃኒት ሙከራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሰው ቆዳ ሲቆረጥ፣ ሲቀደድ ወይም ሲቃጠል ቁስሉ ይሽራል፤ ይሁን እንጂ ቆዳው ወደ ቀድሞ ጠባዩ አይመለስም። በቁስሉ ቦታ ጠባሳ ይተካል። ጠባሳ ፀጉር አያበቅልም፤ አያልብም፤ ወዝ የለውም፤ እንደ ጤነኛ ቆዳም አይለጠጥም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው የአበው አባባል የተነገረው ስለ ሰው ልብ ቢሆንም፣ ቆዳም የደረሰበትን የማይረሳ የአካል ክፍል መሆኑን ማንኛውም ሐኪም በየቀኑ ያየዋል።

በሌላው የሕክምና ዘርፍ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ሲጠየቅ ኖሯል። ይኸውም የጠፋ ፀጉር ተመልሶ ሊበቅል ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ለብዙ ዘመን ዝምድና የሌላቸው መስለው ይታዩ ነበር። የመጀመሪያው የቀዶ ሕክምና ጉዳይ፣ ሁለተኛው የመዋቢያ ነጋዴዎች ጉዳይ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት የተደረገው ምርምር ግን ሁለቱ በመሠረቱ አንድ ጥያቄ መሆናቸውን አሳይቷል። ጠባሳ ማለት ፀጉር ማብቀልን የረሳ ቆዳ ነው፤ ጠባሳን በእርግጥ የሚያስቀር መድኃኒት ተገኘ የሚባለውም በሻረው ቁስል ላይ ፀጉር ሲበቅል ነው። በዚህ ንግግር የሚብራራው ይኸው ዝምድና፣ እስካሁን የተሞከሩት መድኃኒቶች የደረሱበት ደረጃ፣ እንዲሁም ነገሩ በሐኪሙ ላይ የሚያስከትለው ኃላፊነት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጠባሳ ምንነትና ዋጋ

ቆዳ በቆሰለ ጊዜ መጀመሪያ ደም ይረጋል። ቀጥሎ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው ደርሰው ተሕዋስያንንና የሞተውን ሥጋ ያጸዳሉ። ከዚያ በኋላ ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሕዋሳት ኮላጅን የተባለውን ጠንካራ ክር መሥራት ይጀምራሉ። በ1971 በጄኔቫ ጁሊዮ ጋቢያኒና ባልደረቦቹ እንዳመለከቱት፣ ከእነዚህ ሕዋሳት አንዳንዶቹ የጡንቻን ጠባይ ይይዛሉ፤ የቁስሉን ከንፈሮችም እየሳቡ ያቀራርባሉ። በጤነኛ ቆዳ ውስጥ ኮላጅን እንደ ሰፌድ ወዲያና ወዲህ ተጠላልፎ ይገኛል። በጠባሳ ውስጥ ግን ክሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርድረው፣ ተጣብቀውና ጠጥረው ይታያሉ። በዚህም ምክንያት ጠባሳ ከወራት በኋላ እንኳ የሚደርስበት ጥንካሬ ከቀድሞው ቆዳ ከመቶ 80 ያህል ብቻ ነው።

ተፈጥሮ ይህን የመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። በዱር ለሚኖር እንስሳ ክፍት ቁስል ማለት የደም መፍሰስና ምርቀዛ፣ በመጨረሻም ሞት ነው። ስለዚህ ሰውነት ከማሳመር ይልቅ መፍጠንን መረጠ። ጠባሳ ለሕይወት የተከፈለ ዋጋ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይሁን እንጂ ዋጋው ለሁሉም እኩል አይደለም። በክንድ ላይ ያለ ቀጭን ሰረዝ ማንንም አይጎዳም፤ እንዲያውም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሱርማና በሙርሲ ሕዝቦች ዘንድ ሆን ተብሎ የሚወጣ ጠባሳ ጌጥና ክብር ነው። በእሳት የተቃጠለ አንገት፣ ብብት ወይም የእጅ ጣት ግን ሲሽር ተኮማትሮ አካልን ያስራል። ምድጃ ክፍት በሆነበት ቤት የሚድኸው ሕፃን ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው፤ የሚጥል በሽታ ይዞት ከእሳት ላይ የሚወድቀውም ሰው እንዲሁ። ሕፃኑ ሲያድግ ጠባሳው አብሮ ስለማያድግ አንድ ቀን የደረሰ ቃጠሎ ለዓመታት ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ ኬሎይድ የሚባለው ጠባሳ አለ። ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ፣ የሚያሳክክና የሚያም ሲሆን፣ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሕዝቦች ላይ ከሌሎች ይልቅ በብዛት ይታያል። ለጉትቻ ከተበሳ ጆሮ ተነሥቶ እብጠት የሚያህል ኬሎይድ ሊወጣ ይችላል፤ ተቆርጦ ብቻ ቢተውም አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ያድጋል። እንግዲህ ጠባሳን የሚያስቀር መድኃኒት ፍለጋ የመልክ ማሳመሪያ ፍለጋ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ከጽንስ የተገኘ ትምህርት

ቆዳ ያለ ጠባሳ መሻር እንደሚችል በመጀመሪያ ያስተማረው ጽንስ ነው። በ1979 የታተመ አንድ ጥናት በ20 ሳምንት የሰው ጽንስ ላይ የተገኘ ቁስል እንደ አዋቂ ቁስል ጠባሳ እንዳላበጀ ገለጸ። በ1981 ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በማሕፀን ውስጥ ባለ ጽንስ ላይ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ጀመሩ። በእንስሳትም ሆነ በሰው በተደረገው ክትትል፣ እስከ 6ኛው ወር መግቢያ ገደማ የጽንስ ቆዳ ያለ ጠባሳ እንደሚሽር፣ ከዚያ በኋላ ግን ይህን ችሎታ ቀስ በቀስ እንደሚያጣ ታወቀ። በዚሁ ቤተ ሙከራ የሠራው ማይክል ሎንጋከር የተባለው ሐኪም በኋላ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራው አደረገው።

የምክንያቱ ፍለጋ ብዙ ሰዎችን አሰማራ። አንዳንዶቹ ምክንያቱ ጽንሱ የሚንሳፈፍበት ውኃ ነው አሉ፤ ነገር ግን የአዋቂ ቆዳ በጽንስ ላይ ተተክሎ በዚያው ውኃ ውስጥ ሲቆስል ጠባሳ ማውጣቱ ስለታየ ምሥጢሩ በራሱ በቆዳው ሕዋሳት ውስጥ እንዳለ ተረጋገጠ። ሌሎችም የጽንስ ቁስል ብዙ እንደማይቆጣና ቆዳውም በኃይል እንደማይወጠር አመለከቱ። ውጥረት ጠባሳን የሚያወፍር መሆኑን ቀዶ ሐኪሞች ከጥንት ያውቁታል። ኦስትሪያዊው ካርል ላንገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቆዳን የውጥረት መስመሮች ከዘረዘረ ወዲህ ስለቱ መስመሩን ተከትሎ እንዲሄድ የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የአንድ መድኃኒት መነሣትና መውደቅ

ከዚህ እውቀት በቀጥታ ወደ መድኃኒት ለመሻገር ከተደረጉት ጥረቶች ሁሉ የታወቀው በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የተደረገው ነው። ማርክ ፈርግሰን የተባለው ሊቅ በአሊጌተር፣ ማለትም በአሜሪካ በሚገኘው የአዞ ዘመድ፣ ጽንስ ላይ የላንቃን አፈጣጠር ሲያጠና፣ በጽንሱ ላይ የሚደረገው ቁስል ያለ ጠባሳ እንደሚሽር አስተዋለ። ምርምሩ እየገፋ ሲሄድም ቲ ጂ ኤፍ ቤታ ወደሚባሉት የዕድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች አመራ። ከእነዚህ ውስጥ ቤታ 1 እና ቤታ 2 በአዋቂ ቁስል ውስጥ በርክተው ሲገኙ፣ ቤታ 3 በጽንስ ቁስል ውስጥ የበላይነት ነበረው። እንግዲያው ቤታ 3ን ለአዋቂ ቁስል ቢጨምሩለት እንደ ጽንስ ይሽር ይሆናል የሚል ሐሳብ ተወለደ። በ2000 ሬኖቮ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ፤ መድኃኒቱም ጁቪስታ የሚል የንግድ ስም ተሰጠው።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አበረታች ነበሩ። ጤነኛ ፈቃደኞች በሁለት ክንዶቻቸው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ቁስል ተደረገላቸው። በአንዱ ቁስል ዳርና ዳር መድኃኒቱ፣ በሌላው መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ በመርፌ ተሰጠ፤ ጠባሳዎቹም የትኛው የየትኛው እንደሆነ በማያውቁ ሰዎች ተመዘኑ። በ2009 ዘ ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመው ውጤት መድኃኒቱ የተሰጠበት ጠባሳ የተሻለ መልክ እንዳለው ገለጸ። ኩባንያውም አክሲዮኖቹን በለንደን ገበያ ከሸጠ ዓመታት አልፈውት ነበርና የብዙዎች ተስፋ ከፍ አለ።

በየካቲት 2011 ግን የመጨረሻው ፍርድ ተሰማ። አሮጌ ጠባሳቸው በቀዶ ሕክምና እንዲስተካከል በተደረገላቸው 350 ሕመምተኞች ላይ የተካሄደው የሦስተኛ ደረጃ ሙከራ አስቀድሞ ከተወሰኑት የውጤት መለኪያዎች አንዱንም ሳያሟላ ቀረ። መድኃኒቱ ሕመምተኞቹን አልጎዳም፤ ነገር ግን ካልተሰጣቸው ቁስሎች የሚለይ ጥቅም አላሳየም። የሥራው መጨረሻ ይኸው ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ቢያንስ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ በጤነኛ ሰው ክንድ ላይ በጥንቃቄ የተደረገ ትንሽ ቁስልና በሕመምተኛ አካል ላይ ያለ እውነተኛ ጠባሳ አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ጠባሳ የብዙ ሕዋሳትና የብዙ መልእክቶች ውጤት ስለሆነ አንዱን መልእክት ብቻ መለወጥ አይበቃ ይሆናል። ሦስተኛ፣ መመዘኛው «የተሻለ መልክ» እስከሆነ ድረስ ትንሽ መሻሻልና እውነተኛ መታደስ በቀላሉ ይምታታሉ። ይህ ሦስተኛው ትምህርት ወደ ፀጉር ይመራል።

ፀጉር የመታደስ ምስክር መሆኑ

ፀጉር ከቆዳ ሥር በሚገኝ ከረጢት ውስጥ ይበቅላል። ሰው እነዚህን ከረጢቶች ሁሉ በማሕፀን ሳለ ይቀበላል፤ ከተወለደ በኋላ አዲስ አይጨመርለትም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ኖሯል። በ1954 ብሪዲስ የተባለው ተመራማሪ በጥንቸል ጠባሳ ላይ አዲስ ከረጢትና የወዝ ዕጢ መብቀሉን ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ብዙ ተከታይ አላገኘም።

በ2007 በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ማዩሚ ኢቶና ጆርጅ ኮትሳሬሊስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ጥያቄውን እንደገና አነሡ። በአዋቂ አይጥ ጀርባ ላይ ሰፋ ያለ ቁስል ሲደረግና በራሱ እንዲሽር ሲተው፣ በቁስሉ መካከል ፈጽሞ አዲስ የሆኑ የፀጉር ከረጢቶች ይበቅሉ ነበር። ትንሽ ቁስል ይህን አያደርግም። ከዚህም በላይ በጽንስ ዘመን ፀጉርን የሚፈጥረው ዊንት የተባለው የመልእክት መስመር ሲዘጋ ፀጉሩ ቀረ፤ ሲበረታ ደግሞ በዛ። የበቀለው ፀጉር ቀለም የሌለው ነጭ ነበር። በ2013 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ለዚህ ጅማሮ የሚሰጡት በአይጥ ቆዳ ውስጥ የሚኖሩ አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋሳት እንደሆኑና በሰው ቆዳ ውስጥ እነዚህ እምብዛም እንደማይገኙ አስታወቀ። አይጥ የምትችለውን ሰው የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

አፍሪካም በዚህ ምርምር የራሷን ምስክር አቅርባለች። በምሥራቅ አፍሪካ በድንጋያማ ቦታ የሚኖሩና ዘመዶቻቸው በኢትዮጵያም የሚገኙ እሾሃማ አይጦች አሉ። በ2012 አሽሊ ሴፈርትና ባልደረቦቹ በኬንያ በተያዙ እንዲህ ዓይነት አይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት ቆዳቸው ከተራ አይጥ ቆዳ 20 ጊዜ ያህል የደከመ፣ ጠላት ሲይዛቸውም የሚገፈፍ መሆኑን ገለጹ። ከጀርባቸው ቆዳ እስከ 60 በመቶ ድረስ ሊያጡ ይችላሉ፤ ነገር ግን የጠፋውን ቆዳ ከፀጉሩና ከወዝ ዕጢው ጋር ይተኩታል። ይህ ጥናት ያለ ጠባሳ መሻር ለጽንስ ብቻ የተሰጠ ጸጋ አለመሆኑን፣ አዋቂ አጥቢ እንስሳም ሊያደርገው እንደሚችል ስላረጋገጠ ከፍ ያለ ግምት ተሰጥቶታል።

የፀጉርና የጠባሳ ዝምድና ከምስክርነትም ያልፋል። በ2017 ማክሲም ፕሊኩስና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ በአይጥ ቁስል ላይ አዲስ ፀጉር ሲበቅል ከረጢቱ በዙሪያው ላሉት የጠባሳ ሕዋሳት መልእክት ያስተላልፋል፤ እነርሱም የጠባሳነት ጠባያቸውን ትተው ወደ ስብ ሕዋስነት ይለወጣሉ። ከሰው ኬሎይድ የተወሰዱ ሕዋሳትም በቤተ ሙከራ ከሰው ፀጉር ከረጢት ጋር ሲቀመጡ ተመሳሳይ ለውጥ አሳይተዋል። ይህ ከሆነ ፀጉር የመታደስ ምልክት ብቻ ሳይሆን አንዱ መንሥኤውም ነው ማለት ነው።

ቨርቴፖርፊን፦ የዘመኑ ተስፋ

በአሁኑ ጊዜ ብዙ ከሚነገርላቸው የሙከራ መድኃኒቶች አንዱ ቨርቴፖርፊን ነው። መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። በ2000 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተፈቀደው በእርጅና ምክንያት የዓይን ሬቲና መካከል ለሚጎዳበት በሽታ ሲሆን፣ በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ በልዩ ብርሃን ሲነካ ነበር የሚሠራው። በ2012 ግን መድኃኒቱ ያለ ብርሃንም ያፕ የተባለውን ፕሮቲን ሥራ እንደሚያግድ ታወቀ። ያፕ የሕዋስን ውጥረት ወደ ጂኖች የሚያስተላልፍ መልእክተኛ ነው።

ነገሩ ከጠባሳ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2015 በአይጥ ጀርባ ቆዳ ውስጥ ጠባሳን የሚሠሩት ፋይብሮብላስቶች ኢንግሬልድ 1 የተባለው ጂን ምልክት የታየባቸው ወገኖች መሆናቸውን ለዩ። በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ደግሞ ቁስል ሲወጠር ቀድሞ ይህ ምልክት ያልነበራቸው ሕዋሳት በያፕ አማካይነት ምልክቱን እንደሚይዙና ወደ ጠባሳ ሠሪነት እንደሚለወጡ አሳዩ። ይህን ለውጥ ለማገድ ቨርቴፖርፊን በቁስሉ ላይ በመርፌ ሲሰጥ ውጤቱ አስደናቂ ሆነ። በ30 ቀን ውስጥ ቁስሉ ከነፀጉሩና ከነዕጢው ሻረ፤ የኮላጅኑ አጠላለፍ ወደ ጤነኛ ቆዳ ቀረበ፤ ጥንካሬውም ካልቆሰለ ቆዳ ጋር የሚተካከል ሆነ። ከጁቪስታ ዘመን የሚለየውም ይህ ነው። መመዘኛው «መልኩ ተሻሻለ» ከሚለው አልፎ ፀጉር፣ ዕጢና ጥንካሬ፣ ሦስቱም በአንድነት ተመለሱ ወደሚል ከፍ ብሏል።

የሆነ ሆኖ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አይጥ ልቅ ቆዳ ያላት፣ ቁስሏን በአብዛኛው በመሰብሰብ የምትሽር እንስሳ ናት። የሰው ቆዳ ግን ከሥሩ ጋር ተያይዞ የተወጠረ ነው። ያፕም ቢሆን ለጠባሳ ብቻ የተፈጠረ መልእክተኛ አይደለም፤ የቆዳ ሽፋን እንዲያድግና ቁስል እንዲዘጋ የሚያግዝ በመሆኑ ያለ ልክ ቢታገድ መሻር ራሱ ሊዘገይ ይችላል። መድኃኒቱ ብርሃን የሚስብ ስለሆነም ለዓይን ሕክምና የወሰደ ሰው ለ5 ቀን ከፀሐይ እንዲጠበቅ ይታዘዛል። ይህ ምክር የፀሐይ ብርሃን በሚበረታባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ክብደቱ የበለጠ ነው።

ከ2021 ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ አንዳንድ የፀጉር ንቅለ ተከላ ሐኪሞች ፀጉር ነቅለው በወሰዱበት ቦታ ላይ ይህን መድኃኒት በመርፌ እየሰጡ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅል እንደሆነ መሞከር ጀምረዋል። ሐሳቡ የሚያጓጓ ነው። ከተነቀለበት ቦታ ፀጉር የሚመለስ ቢሆን ምንጩ የማይደርቅ ጉድጓድ እንደማግኘት ይቆጠር ነበር። ዳሩ ግን ማነጻጸሪያ በሌለው፣ በጥቂት ሰዎች ላይ በተደረገና በፎቶግራፍ በሚመሰከር ሥራ ላይ ተመሥርቶ ስለ መድኃኒት መፍረድ አይቻልም። በጁቪስታ ላይ የደረሰው የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው፤ በትክክል የተመዘኑ የሁለተኛ ደረጃ ሙከራዎች እንኳ በሦስተኛው ደረጃ ወድቀዋልና።

ፀጉርን ለማብቀል የወጡት መድኃኒቶች

በገበያ ላይ ያሉት የፀጉር መድኃኒቶች ታሪክ በአብዛኛው የአጋጣሚ ታሪክ ነው። ሚኖክሲዲል በ1979 የተፈቀደው ለደም ግፊት ነበር። የዋጡት ሕመምተኞች በፊታቸውና በአካላቸው ላይ ፀጉር እየበዛ ስላስቸገራቸው፣ ይኸው ጉዳት ወደ ጥቅም ተለውጦ በ1988 ለራሰ በራነት የሚቀባ መድኃኒት ሆነ። የፊናስተራይድ መነሻ በ1974 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ስለሚገኙ ቤተሰቦች የወጣው ጥናት ነው። በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ቴስቶስቴሮንን ወደ በረታው ዓይነት የሚለውጠው ኤንዛይም የጎደላቸው ወንዶች ፕሮስቴታቸው አነስተኛ ሆኖ ሲገኝ ግንባራቸውም አይገለጥም ነበር። መድኃኒቱ በ1992 ለፕሮስቴት፣ በ1997 ለፀጉር ተፈቀደ። ቢማቶፕሮስት በ2001 ለግላኮማ ወጥቶ ሽፋሽፍት ሲያስረዝም ስለታየ በ2008 ለዚሁ ተፈቀደ። ባሪሲቲኒብ ደግሞ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት መድኃኒት ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ በስሕተት የፀጉርን ሥር ሲያጠቃ ለሚከሰተው የፀጉር መርገፍ በ2022 ተፈቅዷል።

እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ከረጢቱ በሕይወት ባለበት ቦታ ነው። የተኛውን ያነቃሉ፤ የመነመነውን ያጠነክራሉ፤ የተጠቃውን ይከላከላሉ። የሞተውን ግን አያስነሡም። ከአዲሶቹ የሙከራ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፒ ፒ 405 እንኳ በዚሁ ክልል ውስጥ ነው። የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች በ2017 የከረጢቱ ግንደ ሕዋሳት ስኳርን ወደ ላክቴት በመለወጥ እንደሚነቁ ካሳዩ በኋላ የተሠራ ሲሆን፣ አምራቹ ኩባንያ በ2025 ባስታወቀው ውጤት ፀጉራቸው በብዛት ከሳሳባቸው ወንዶች መካከል በ31 በመቶው ላይ በ8ኛው ሳምንት የፀጉር ብዛት ከ20 በመቶ በላይ ጨምሯል። ይሁን እንጂ አንድ የራስ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት የሚያድግ ስለሆነ 8 ሳምንት ለፍርድ አጭር ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው ትልቅ ልዩነት ከረጢቱ ያለበት ራሰ በራነትና ከረጢቱ በጠባሳ የተተካበት ራሰ በራነት ነው። ሹሩባ ለዓመታት አጥብቆ ከመሠራት የተነሣ ግንባር ዳር ያለው ፀጉር ሲሳሳ፣ በጊዜ ከተላላ ይመለሳል፤ ከዘገየ ግን ቦታው ጠባሳ ይሆናል። ቆረቆርም ሳይታከም ከከረመ እንዲሁ የማይመለስ መላጣ ይተዋል። በእሳት የተቃጠለ የራስ ቆዳ ጉዳይ ግልጽ ነው። በእነዚህ ላይ ሚኖክሲዲል መቀባት ዘር በሌለበት ማሳ ላይ ውኃ እንደማጠጣት ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ትንሽ ጥናት ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ከራስ አናት ጀምሮ ወደ ዙሪያው እየሰፋ የሚሄድ፣ በተለይ በጥቁር ሴቶች ላይ የሚታይ ጠባሳማ የፀጉር መርገፍ አለ። በ2019 የታተመ ጥናት ከሕመምተኞቹ በከፊሉ ላይ የፀጉርን ዘንግ በመሥራት የሚያገለግል የአንድ ጂን ጉድለት እንዳለ ገልጾ ነበር። በ2024 ደግሞ በአሜሪካ የሚገኙ ሐኪሞች ይህ ሕመም ላለባቸው 12 ሴቶች ለስኳር በሽታ የሚታዘዘውን ሜትፎርሚን በአነስተኛ መጠን ቢያንስ ለ6 ወር ሰጥተው፣ በግማሾቹ ላይ ፀጉር መብቀሉን፣ በቆዳቸውም ውስጥ ከጠባሳ ጋር የተያያዙ ጂኖች ሥራ መቀነሱን አስታወቁ። ማነጻጸሪያ የሌለው ጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ስለሆነ ማረጋገጫ ሊባል አይችልም። ነገር ግን ለሁለት ነገሮች መንገድ ይከፍታል። ጠባሳን በማለዘብ ፀጉርን መመለስ በሰው ላይም ሊቻል እንደሚችል ይጠቁማል፤ መድኃኒቱም በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ርካሽ ክኒን ነው።

የባለሙያው ኃላፊነት

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል እስከ ዛሬ ድረስ በሰው ቆዳ ላይ ጠባሳን ፈጽሞ የሚያስቀር፣ በተገቢው ሙከራ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ይህን በግልጽ መናገር የሐኪሙ የመጀመሪያ ግዴታ ነው። ፊቱ የተቃጠለ ወጣት ወይም ፀጉሯ የረገፈ ሴት ተስፋን ለመግዛት ያላቸውን ሁሉ ለመስጠት ዝግጁ ናቸው፤ በየመንደሩና በየገበያው ተስፋ የሚሸጠውም አይታጣም። የሙከራ መድኃኒት በሕጋዊ ሙከራ ውስጥ፣ በፈቃደኝነትና በነፃ ይሰጣል። ሕመምተኛው ከፍሎ የሚሞከርበት ነገር ግን የሙከራ ስም ሊሰጠው አይገባም።

ሁለተኛው ግዴታ በእጅ ያለውን ማወቅ ነው። ቃጠሎ ሲደርስ ቦታውን ወዲያው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማብረድ፣ ጥልቅ ቁስልን ሳይዘገዩ በቆዳ ንቅለ ተከላ መሸፈን፣ መገጣጠሚያን በተገቢው አቅጣጫ አስሮ ማቆየትና ማንቀሳቀስ፣ ስፌትን ከውጥረት መጠበቅ፣ የሲሊኮን ልባጥና ጠበቅ ያለ ልብስ መጠቀም፣ ለኬሎይድ ትራያምሲኖሎን በመርፌ መስጠት፣ ቆረቆርን በጊዜ ማከም፣ ሹሩባው እንዲላላ እናቶችን መምከር፤ እነዚህ ሁሉ አዲስ ግኝት አይጠብቁም። አንድ ሕፃን ከክፍት ምድጃ እንዲርቅ የሚያደርግ ከፍ ያለ ምድጃ ከብዙ መድኃኒት የሚበልጥ ጠባሳ ይከላከላል።

ሦስተኛው ግዴታ ወደፊት የሚመለከት ነው። ኬሎይድና ከላይ የተጠቀሰው ጠባሳማ የፀጉር መርገፍ ይበልጥ የሚያጠቁት ጥቁር ሕዝብን ሆኖ ሳለ፣ መድኃኒቱ በሌላ ቆዳ ላይ ብቻ ተሞክሮ ቢመጣ መጠኑም፣ ጉዳቱም፣ ጥቅሙም በግምት የሚሰጥ ይሆናል። በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታልና በ1970 በአጠገቡ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በሥጋ ደዌ ላይ የሠሩት ሥራ፣ የቆዳና የነርቭ በሽታ ምርምር ሕመምተኛው ባለበት አገር ሊካሄድ እንደሚችል ያስመሰከረ ነው። የጠባሳና የኬሎይድ ሙከራም እንዲህ ባለ ቦታ፣ በጥብቅ የሥነ ምግባር ቁጥጥር ሥር ሊካሄድ የማይችልበት ምክንያት የለም። ከዚያ በፊት ግን የቃጠሎንና የኬሎይድን ሕመምተኞች በሥርዓት መመዝገብ፣ ጠባሳን በአንድ መለኪያ መመዘንና ውጤቱን ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል። መዝገብ የሌለው ሆስፒታል ሙከራ ሲመጣ የሚያቀርበው ነገር አይኖረውም።

ተፈጥሮ ለሕይወት ስትል ውበትን የሠዋች መሆኗ ቀደም ሲል ተገልጿል። በዚያ ልውውጥ የተጣለው ነገር ግን እንዳልጠፋ ጽንሱ፣ እሾሃማዋ አይጥና በቁስል መካከል የበቀለው ነጭ ፀጉር መስክረዋል። ችሎታው በቆዳ ውስጥ ተኝቷል። እርሱን ለማንቃት የሚደረገው ጥረት ዓመታት ይፈጅ ይሆናል፤ እስከዚያው ድረስ ለተቃጠለው ሕፃን የሚበጀው በእጅ ያለውን ሕክምና በሰዓቱ የሚሰጥ፣ የሌለውንም አለ ብሎ የማያታልል ሐኪም ነው።